ሕሙሙ መብል እንቢ ባለ ጊዜ

በሀገራችን ልማድ ፍቅር ከሚገለጽባቸው ነገሮች ሁሉ ቀዳሚው ማዕድ ነው። እንግዳ ሲመጣ፥ ሙሽራ ሲገባ፥ አራስ ስትተኛ፥ ኀዘንተኛ ሲቀመጥ፥ ለሁሉም የምናቀርበው ቃል «ብሉ» የሚል ነው። ተጋባዡ እጁን የሰበሰበ እንደ ሆነ «በሞቴ» እንለዋለን፤ «አፈር ስሆን» እንለዋለን፤ ጉርሻውንም ጠቅልለን ወደ አፉ እንዘረጋለን። ይህ ያማረ ልማድ ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ዳሩ ግን ወደ አንድ ዐይነት በሽተኛ አልጋ በደረሰ ጊዜ ይኸው ልማድ ለምንወደው ሰው ሥቃይ ሆኖ ይገኛል። እርሱም በካንሰር በሽታ ተይዞ ሰውነቱ ዕለት ዕለት የሚመነምነው፥ ክንዱና ጭኑ አልቆ ቆዳው ከአጥንቱ የተጣበቀው ሕሙም ነው። ሊሞት ለተቃረበ ሰው «በሞቴ ብላ» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደ ሆነ የሚያስብ ጥቂት ነው።

አሁን ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። እንዲህ ያለው ሕሙም «አልበላም» ሲል፥ ያ ቃል የፈቃዱ ቃል ነውን? የፈቃዱ ቃል ከሆነ ራሱን እንደ ጣለ ተቈጥሮ ሊመከርበትና ሊወቀስበት ይገባል። የፈቃዱ ቃል ካልሆነ ግን ወቀሳው በከንቱ የተጫነበት ሁለተኛ ሸክም ነው። ነገሩ በመጻሕፍት መካከል ብቻ የሚቀር ክርክር አይደለም። ሚስት ከባልዋ፥ ልጅ ከእናቱ ጋር ስለ አንዲት ኩባያ አጥሚት የሚጣሉበት፥ ካህኑም ሕሙሙን ሊጠይቅ በገባ ጊዜ «አባታችን፥ እባክዎ እርስዎ ይገሥጹልን፤ እህል እንቢ ብሎ ራሱን ሊገድል ነው» ተብሎ ዳኛ እንዲሆን የሚለመንበት ነገር ነው።

መልሱን ከመስጠት በፊት የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐኪሞች ይህን መመንመን ከግሪክ በተወሰደ ቃል «ካኬክሲያ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ክፉ ሁኔታ» ማለት ነው። በ2011 (ዘመናቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ሊቃውንተ ሕክምና በአንድ ፍቺ ተስማሙ። በዚህም ፍቺ መሠረት ካኬክሲያ የሚባለው፥ ስቡ አብሮ ቢያልቅም ባያልቅም፥ የጡንቻ ሥጋ ያለማቋረጥ የሚያልቅበትና በተለመደው የመብል እርዳታ ብቻ ፈጽሞ ሊመለስ የማይችል ሁኔታ ነው። ከምልክቶቹም አንዱ፥ ሰውዬው ክብደቱን ለመቀነስ ሳያስብ በ6 ወር ጊዜ ውስጥ ከመቶ ከ5 እጅ በላይ መቀነሱ ነው፤ ይኸውም 60 ኪሎ የነበረው ሰው ከ3 ኪሎ የበለጠ ሲጐድልበት ማለት ነው። በተለይ በቆሽት፥ በጨጓራ፥ በምግብ መውረጃ ቧንቧና በሳንባ ካንሰር የተያዙት ይጠቁበታል። በሽታው ከገፋባቸው የካንሰር ሕሙማንም እኩሌታው ያህል ወይም ከዚያ የሚበዛው ያገኘዋል።

የሀገራችን ሰው ካንሰርንም የሳንባ በሽታንም በአንድ ስም «ነቀርሳ» ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለቱም ሰውን ከውስጥ በልተው የሚያከሱ ናቸውና። ነገር ግን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱን ካገኘ ይድናል፥ የከሳውም ሰው ይመለሳል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ፥ «እገሌም እንዲሁ ከስቶ ነበር፤ በቅቤና በወተት ተመለሰ» እያለ ያንን ለዚህ ምሳሌ ያደርገዋል። ያንን የመለሰው ግን ቅቤው ብቻ አልነበረም፤ በሽታው ስለ ለቀቀው ነው እንጂ።

ጤነኛ ሰው ሲጾም ወይም ሲራብ ሰውነቱ እንደ ብልኅ ባለቤት ይሆናል። በመጀመሪያ በጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፤ ቀጥሎ ስቡን ያነዳል፤ ከስቡም ለአንጎል የሚሆን ምግብ ያዘጋጃል፤ ሥራውን ያዘገያል፤ ጡንቻውንም የሚችለውን ያህል ይቈጥባል። በካንሰር መመንመን ግን ይህ ቍጠባ ይጠፋል። ባለቤቱ በጓሮው የተከመረ ማገዶ ሳለው የቤቱን ምሰሶ እየነቀለ እንደሚያነድ ሰው ይሆናል። ስለ ምን? ዕጢውና ዕጢውን ሊዋጉ የተነሡት የሰውነት ሕዋሳት ወደ ደሙ የሚለቁአቸው መልእክተኞች ስላሉ ነው። እነዚህ ወደ ጡንቻ ሄደው «ፍረስ» ይላሉ፤ ወደ ጉበት ሄደው ሌላ ሥራ ያሠሩታል፤ ወደ አንጎል ሄደው ረኃብን ያጠፋሉ። በ1985 የተገለጠው ነገር እጅግ ያስደንቃል። አንዱ ወገን ዕጢን የሚገድል ነው ብሎ፥ ሌላው ወገን ሰውነትን የሚያከሳ ነው ብሎ ለየብቻቸው ሲመረምሩት የኖሩት ንጥረ ነገር አንድና ያው ሆኖ ተገኘ። ሰውነት በጠላቱ ላይ የመዘዘው ሰይፍ ራሱን ይቈርጠዋል ማለት ነው። እንደ ገና በ2017 ከእነዚህ መልእክተኞች አንዱ፥ ጂ.ዲ.ኤፍ. 15 የተባለው፥ የሚቀበለውን በር በአንጎል የኋላ ክፍል እንዳገኘ ታወቀ፤ ይህም ማቅለሽለሽና የመብል ጥላቻ ከሚነሡበት ስፍራ ነው።

እንግዲህ ይህን ካወቅን ጿሚውንና ሕሙሙን አጠገብ ላጠገብ አስቀምጠን እንመልከት። በውጭ ለሚያይ ሁለቱም ከማዕድ ርቀው ተቀምጠዋል፤ የሁለቱም ጉንጭ ጐድጕዷል። ነገር ግን ጿሚው እየራበው አይበላም፤ ሕሙሙ ሊበላ እየወደደ አይርበውም። በጿሚው ዘንድ የመብል ፍላጎት አለ፥ ፈቃድ ትከለክለዋለች። በሕሙሙ ዘንድ ፈቃድ አለች፥ የምታዝዘው ፍላጎት ግን የለም። ስለዚህ በጾም የተማርነው ነገር፥ ይኸውም ሆድ ለፈቃድ መገዛቱ፥ በዚህ አልጋ አጠገብ ሊያሳስተን ይችላል። ሆዳችንን ለማዘዝ የለመድን ሰዎች፥ ሌላው ሰው ሆዱን ማዘዝ ሲያቅተው ስንፍና ይመስለናል።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ እኛም ቀላል ነው ብለን አናልፈውም። «ሰው ሳይርበውም እኮ ሊበላ ይችላል። መራራ መድኃኒት ሳይጥመው ይውጥ የለምን? እንዲሁ ለነፍሱ ሲል፥ ለልጆቹ ሲል፥ ታግሎ ይዋጥ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጥቂት ጉርሻ ታግሎ ሊውጥ ይችላል። ዳሩ ግን ነገሩ በመዋጥ አያበቃም። ችግሩ ከፈቃድና ከጕሮሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ ፈቃድንና ጕሮሮን ሁለቱንም ትቶ ምግብን በቀጥታ ወደ ደም የሚያገባ ሰው በሽታውን ባሸነፈው ነበር። ይህም ተሞክሯል። ሐኪሞች የካንሰር መድኃኒት ለሚወስዱ ሕሙማን በደም ሥር የተሟላ ምግብ እየሰጡ ሞከሩ፤ ሕሙሙ ሳያኝክና ሳይውጥ፥ እሺም እንቢም ሳይል ሙሉ ምግቡን አገኘ። ዕድሜ ግን አልተጨመረለትም፤ ይልቁንም ከዚህ የተነሣ ልዩ ልዩ ልክፈት በዛ። ስለዚህ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1989 ይህ ሥራ ለሁሉ እንደ ልማድ እንዳይደረግ አስታወቀ። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ በሽታው ለገፋባቸውና ለመነመኑ ሕሙማን በቱቦም ሆነ በደም ሥር መመገብ እንደ ልማድ መሰጠት እንደሌለበት ጽፏል። ከዚህ የምንረዳው፥ ፈቃድ ከመንገዱ ፈጽሞ በወጣች ጊዜ እንኳ መመንመኑ አለመቆሙን ነው። እንግዲያስ ጥፋቱን በፈቃድ ላይ መጫን እንደ ምን ይቻላል?

ይህን ስንል ሕሙሙ ሁሉ ይተው፥ መብልም ከፊቱ ይነሣ ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚረዳን ካለ ክፉኛ ተሳስቷል። መለየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የምግብ መውረጃ ቧንቧው በዕጢ የተዘጋበት ሰው፥ እንደዚህ ያለውም ካንሰር በሀገራችን በአርሲና በባሌ በኩል ብዙ የሚታይ ነው፥ እየራበው መዋጥ ያቃተው ሊሆን ይችላል። ይህ የተራበ ሰው ነው፤ ሐኪም ቧንቧውን ሊያሰፋለት ወይም በሆዱ በኩል የመመገቢያ ቱቦ ሊያገባለት ይችላልና ወደ ሐኪም ሊቀርብ ይገባል። ዕጢው ተቀዶ ሊወጣለት ወይም ሊድን ተስፋ ያለውም ሕሙም ሕክምናውን እንዲችል ገና ከጅምሩ በምግብ መረዳት አለበት። ደግሞ ብዙ ጊዜ መብልን የሚያስጠላው ሌላ ነገር ይሆናል፤ አፉ ቈስሎ፥ ሕመሙ በርትቶ፥ ሆዱ ደርቆ፥ መድኃኒቱ እያቅለሸለሸው፥ ወይም ኀዘን ልቡን ይዞት። ለእነዚህ ለእያንዳንዳቸው የሚሰጥ እርዳታ አለ፤ ስለዚህ አስታማሚው «አልበላም አለ» ብሎ ከመቈጣት ይልቅ «ምን አስጠላህ?» ብሎ መጠየቅ፥ ያገኘውንም ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። ጥቂት ጥቂት፥ በወደደው ሰዓት፥ የወደደውን ማቅረብም መልካም ነው። እኛ የምንነቅፈው ማቅረብን አይደለም፤ ማስገደድን ነው።

በሽተኛው ራሱ በዚህ መካከል ምን ይሰማዋል? ብዙ ጊዜ እንደምናየው ሕሙሙ ስለ ራሱ አይበላም፤ ስለ እነርሱ ይበላል። ሚስቱ ስታለቅስ አይቶ አንድ ማንኪያ ይቀበላል። ልጁ ከሩቅ አገር በገንዘቡ የገዛለትን ነገር እንዳያሳዝነው ብሎ ይቀምሳል። እነርሱ ደስ ብሏቸው ከወጡ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስመልሰዋል። እንግዲህ በዚያ ቤት መጋቢው ማን ነው? ሊመግቡት የመጡትን የሚመግባቸው ሕሙሙ ነው፤ በማይችለው ኃይሉ የእነርሱን ልብ ያሳርፋል። ይህም ከእርሱ በኩል ትልቅ ምጽዋት ነው፤ እኛ ግን እንዲመጸውተን ልናስገድደው አይገባንም።

ሊጠይቅ የሚመጣውም ሰው ነገር አለ። ከደጅ እንደ ገባ «ምነው እንዲህ ከሳህ! ሰው አትመስልም እኮ!» ይላል። ይህን የሚለው አዝኖ እንጂ ጠልቶ አይደለም። ሕሙሙ ግን መክሳቱን ከማንም በፊት አውቆታል፤ ቀለበቱ ከጣቱ በወለቀ ጊዜ፥ ሱሪው በመቀነት አልያዝ ባለ ጊዜ አውቆታል።

የኢዮብ ወዳጆች ነገር በዚህ ስፍራ ይታሰበናል። ሰውነቱ አልቆ ባገኙት ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በአጠገቡ በምድር ላይ ተቀመጡ፥ አንድ ቃልም አልተናገሩትም። በዚያ ሳምንት ከእነርሱ የተሻለ አጽናኝ አልነበረም። ጥፋታቸው አፋቸውን ከፍተው ለሕመሙ ምክንያት ከራሱ ከኢዮብ ዘንድ መፈለግ በጀመሩ ጊዜ መጣ። ዛሬም «ስላልበላህ ነው የከሳኸው» የሚል ሰው የእነርሱን መንገድ ይከተላል፤ ነገሩ ተገልብጧልና። እንደ ሐኪሞቹ ምርመራ ከሆነ፥ ስላልበላ የከሳውን ያህል፥ የሚያከሳው በሽታ መብልን ስለ ነሣው አይበላም።

ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ በታች ተኝቶ ነፍሱን እስከ መጥላት በደረሰ ጊዜ ግን የተላከለት መልአክ ያደረገውን እናስተውል። ዳሰሰው፤ እንጎቻና ውኃ በራስጌው አኖረለት። ነቢዩ በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ስለ ተመለሰ እንቅልፉ አልገሠጸውም፤ ቈይቶ እንደ ገና መጣ። የአስታማሚ ሥራ እንደ ምን እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አናውቅም።

ጌታችን በመጨረሻው ፍርድ ስለሚጠይቃቸው ሥራዎች የተናገረውንም ብናስታውስ፥ ለተራበው መብል፥ ለተጠማው መጠጥ፥ ለታረዘው ልብስ ተነግሯል፤ ለታመመው የተነገረው ግን መጠየቅ ነው። ይህን ስንል የታመመ አይመገብ ማለታችን አይደለም፤ ቀድሞ እንደ ተናገርነው የተራበ ሕሙም የተራበ ነው። ዳሩ ግን መብል ያልጠቀመው ሕሙም ቤት ውስጥ «ከእንግዲህ ምን ላድርግለት?» ብሎ እጁን አጣጥፎ የቆመ ሰው፥ ሥራው አላለቀም። ሥጋው ያለቀ ሰው በአጥንቱ ላይ ይተኛልና ጐኑን በየጊዜው ማገላበጥ፥ አልጋው ቍስል እንዳያወጣ መጠበቅ ያስፈልጋል። አፉ ሲደርቅ በንጹሕ ጨርቅ ከንፈሩን ማርጠብ፥ ብርድ ስለሚሰማው እግሩን ማሸትና ማልበስ፥ ዳዊት መድገም፥ የልጅነቱን ነገር ማውራት አለ። ጉርሻ ይዞ ይዘረጋ የነበረው እጅ ሥራ አይፈታም።

እስከ ምን ድረስ መታከም ይገባል የሚለው ጥያቄ ለአባቶቻችንም አዲስ አልነበረም። በ4ኛው መቶ ዘመን በቀጰዶቅያ ቂሣርያ አጠገብ ለድውያን ትልቅ ማረፊያ ያሠራው ቅዱስ ባስልዮስ፥ ራሱም ብዙ ዘመን የታመመ ሰው ነበርና፥ ለመነኮሳት በሠራው ሥርዐት ስለ ሕክምና ጽፏል። መድኃኒት የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ሊናቅ እንደማይገባ ያስተምራል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት በሞላው በሥጋ አሳብ ዙሪያ ብቻ እንዲዞር የሚያደርግ ድካም እንዳይሆን ያስጠነቅቃል። ሁለቱ ቃላት አብረው መነገራቸው ትልቅ ጥበብ ነው። በመጀመሪያው የተነሣ ሐኪም ቤት አንሸሽም። በሁለተኛው የተነሣ ደግሞ የሕሙሙ የመጨረሻ ወራት «ዛሬ ስንት ማንኪያ በላ» በሚል ቍጥር ብቻ ተቈጥረው እንዳያልቁ እንጠነቀቃለን።

ስለ መድኃኒት ከተነሣ፥ ተስፋው ከንቱ አይደለም። በጃፓን አናሞሬሊን የተባለ የመብል ፍላጎትን የሚቀሰቅስ መድኃኒት በ2021 ተፈቅዷል። በ2024 ደግሞ ከላይ የጠቀስነውን ጂ.ዲ.ኤፍ. 15 የሚይዝ መድኃኒት በ187 ሕሙማን ላይ በተደረገ የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ፥ ትልቁን መጠን የወሰዱት በ12 ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ይልቅ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ብልጫ እንዳሳዩ ተገልጧል። ሦስት ኪሎ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም፤ መልእክተኛው ሲያዝ ክብደት መመለሱ ግን ጥፋቱ ከሕሙሙ ልብ እንዳልነበረ የሚመሰክር ነው።

አንድ ሌላ አደጋ ደግሞ ከእኛ ከምናምን ሰዎች በኩል ይመጣል። የበረሓ አባቶችን ክሳት በሥዕልና በገድል ስለለመድነው፥ የሕሙሙንም ክሳት ተጋድሎ ብለን ልናመሰግነው እንሻለን። ይህ ለእኛ እውነት አይመስለንም። ባሕታዊው የተወውን ነገር ሊወስደው ይችል ነበር፤ ትሩፋት የሆነለትም ስለዚህ ነው። ይህ ግን ተወሰደበት። ሕሙሙ ራሱ መከራውን በትዕግሥት ተቀብሎ ለአምላኩ ቢያቀርበው እጅግ የከበረ ነው፤ ያ የእርሱና የፈጣሪው ነገር ነው። ሌላው ሰው ግን ቆሞ «ይህ ለነፍስህ ይጠቅምሃል» ሊለው አይችልም፤ ጤነኛው የሚከፍለው ዋጋ የለበትምና።

ይህም ወደ ጾም ነገር ያመጣናል። በዐቢይ ጾም ወራት እንዲህ ያለ ሕሙም ሐኪሙ ወተትና ዕንቍላል ሲያዝዘው ይጨነቃል፤ ዕድሜውን ሁሉ የጾመ ሰው መጨረሻውን በፍስክ ሊፈጽም ነውና። ጠበል የሚጠመቅም ከሆነ ብዙ ጊዜ እህል ሳይቀምስ ይቈያል፤ ጡንቻው ላለቀበት ሰው እነዚያ ሰዓቶች ከባድ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ግን በዚህ ግልጥ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት በ15ኛው አንቀጽ ሕሙም በጾም ግዴታ አይያዝም፤ የሐዋርያትም ቀኖና ካህናትን ሳይቀር እንዲጾሙ ሲያዝዝ የሥጋ ድካም የከለከለውን ለይቶ ትቶታል። ችግሩ ሥርዐቱ አለመኖሩ ሳይሆን ሕሙሙ ሊጠይቅ ማፈሩ ነው። ቤተሰቡም እርስ በርሱ ይፈራራል፤ አንዱ «ሕመሙ ነው» ሲል ሌላው «ሃይማኖቱን አታስጥሉት» ይላል። ስለዚህ የንስሐ አባቱ ተጠርቶ እስኪጠየቅ ባይጠብቅ፥ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት ወደ ቤቱ ሄዶ ቤተሰቡ ሁሉ እየሰሙ ቢፈታው፥ ወተቱን የምታፈላለት እናት በፍርሃት አትሰጠውም፤ እርሱም የቻለውን ያህል ሁለት ጕንጭ ቢጠጣ ወይም ባይጠጣ፥ ኩባያውን ከራስጌው አኑራ አጠገቡ ትቀመጣለች።